ትርፉ አለ፣ ብሩ የታለ? የዕለት ሥራን የገንዘብ ፍሰት ደረጃ በደረጃ ለማስላት

ድሬዳዋ ውስጥ ሂሳብ የሚሠራ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይሰማ ሐምሌን አይጨርስም። ነጋዴው ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ይመጣል። የትርፍና ኪሳራ ወረቀቱን ያነባል። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ያያል። ከዚያ «አቦ፣ አንተ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሺህ አትርፈሃል ትለኛለህ። ባንክ ያለኝ ግን መቶ ስልሳ ሺህ ነው። ብሩ የታለ?» ይላል።

አንዳንዱ ገንዘብ ያዧን መጠርጠር ይጀምራል። አንዳንዱ እኔን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብሩን ማንም አልነካውም። ሐረር ያለ ባለሱቅ ዘንድ በዱቤ ተይዟል፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሆኖ ተደርድሯል፤ ለቤት አከራዩ ቀድሞ ተከፍሏል። ትርፍ የሚመዘገበው ዕቃው ሲሸጥ ነው። ብሩ የሚገባው ደግሞ ገዢው ሲከፍል ነው። ሽያጩ ዛሬ፣ ክፍያው ከወር ተኩል በኋላ ከሆነ፣ በመሀል ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው የራሳችሁ ኪስ ነው።

ይህን ልዩነት የሚያሳየው ሂሳብ በወግ ሲጠራ «ከመደበኛ ሥራ የተገኘ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት» ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ እዚህ «የሥራ ካሽ» እለዋለሁ። ለማስላት የሂሳብ ዲግሪ አያስፈልግም። መደመርና መቀነስ፣ ትንሽ ትዕግሥት፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

መጀመሪያ፦ ብር በየትኛው በር ነው የገባው?

የድርጅት ገንዘብ የሚገባውም የሚወጣውም በሦስት በሮች ነው። አንዱ ሥራው ራሱ ነው፦ ከሽያጭ የሚሰበሰበው፣ ለአቅራቢ፣ ለደሞዝ፣ ለኪራይ፣ ለነዳጅ፣ ለግብር የሚከፈለው። ሁለተኛው ንብረት ነው፦ መኪና፣ ማሽን፣ ሕንፃ ሲገዛና ሲሸጥ። ሦስተኛው ብድርና ባለቤቱ ናቸው፦ ባንክ ሲያበድር፣ ዋናው ብድር ሲመለስ፣ ባለቤቱ ሲያዋጣ ወይም ሲያወጣ።

ክፍፍሉ የእኔ አይደለም፤ የዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ ቁጥር 7 ነው። እኛም አገር የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች ሪፖርታቸውን የሚያዘጋጁት በእነዚሁ ደረጃዎች ነው። እዚህ የምንቆየው አንደኛው በር ላይ ነው። ድርጅት ራሱን ችሎ መቆሙ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሁለቱን ሌሎች በሮች ዓመት ሙሉ ከፍቶ መኖር አይቻልም፤ የሚሸጥ መኪና ያልቃል፣ ባንኩም ይሰለቻል።

ለምሳሌ የሚሆን አንድ ድርጅት ልፍጠር። ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ ቅርጹን ግን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሳሙና፣ ብስኩትና ዳይፐር የሚያከፋፍል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። መጋዘኑ ሳቢያን ነው። ቀፊራ፣ መጋላ፣ ሐረር፣ ሐረማያ፣ አልፎ አልፎም ጅጅጋ ያደርሳል። የሒሳብ ዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ነው።

ሽያጩ ያለ ቫት 24,000,000 ብር ነው። የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት 20,400,000። ለደሞዝ፣ ለኪራይ፣ ለነዳጅና ለጫኝ አውራጅ 1,600,000 ወጥቷል። የእርጅና ቅናሽ 400,000፣ የባንክ ወለድ 300,000። አንድ አሮጌ ፒክአፕ ሲሸጥ 100,000 ብር ትርፍ ተገኝቷል። ከግብር በፊት ያለው ትርፍ 1,400,000 ሆነ። 30 በመቶው ማለትም 420,000 ለግብር ሲያዝ የተጣራው 980,000 ነው።

ወረቀቶቹን አንድ ላይ ማምጣት

የሚያስፈልጉት የዓመቱ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ የሁለት ዓመት የሀብትና ዕዳ መግለጫ (ያለፈው ሰኔ 30 እና የዘንድሮው ሰኔ 30) እና የባንክ ስቴትመንት ናቸው። ሁለቱን ሰኔ 30ዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሥራው በሙሉ በሁለቱ ዓምዶች መሀል ያለውን ልዩነት ማውጣት ነው።

ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ «እሱ ራሱ ያወጣው የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ያወጣል። ግን የባንክ ብድሩ ከአቅራቢ ዕዳ ጋር ተደባልቆ ከገባ የሚያወጣው ወረቀት አምሮ የተሳሳተ ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት በእጃችሁ ሥሩት።

የመጋዘን ዕቃ (ስቶክ) ቆጠራውንም እንደ ቀልድ አትዩት። ሰኔ 30 ላይ «ባለፈው ጊዜ ከነበረው ብዙም አይለይም» ተብሎ በግምት የተሞላ ስቶክ ካለ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ግምት ይሆናል።

ከትርፉ ላይ ብር ያልሆነውን ማውጣት

ከ980,000 ጀምሩ። እርጅና ቅናሹን 400,000 መልሳችሁ ደምሩ። መኪናው አርጅቷል ተብሎ ከትርፍ ላይ ተቀነሰ እንጂ ዘንድሮ ለማንም የተከፈለ ነገር የለም። ብሩ የወጣው መኪናው የተገዛ ዕለት ነው።

ከፒክአፑ ሽያጭ የተገኘውን 100,000 ቀንሱ። ፒክአፑ የተሸጠበት ሙሉ ገንዘብ በሁለተኛው በር ይመዘገባል። እዚህም ከተውነው ሁለቴ መቁጠር ነው። ደግሞም እናንተ ሳሙና አከፋፋይ እንጂ የመኪና ነጋዴ አይደላችሁም።

አሁን 1,280,000 ደረስን። እስካሁን ደስ ይላል።

ዱቤ፣ ስቶክ፣ ዕዳ

እዚህ ጋ ብዙ እንቆያለን፤ ብሩ የሚደበቀው እዚህ ነውና። ደንቡ አጭር ነው። ሌላ ሰው ዘንድ ያላችሁ ገንዘብ ወይም መጋዘን ያለው ዕቃ ከጨመረ፣ የጨመረውን ቀንሱ። እናንተ ዘንድ ያለ የሰው ገንዘብ ከጨመረ፣ የጨመረውን ደምሩ። ከቀነሰ ደግሞ በተቃራኒው።

ዱቤውን እንይ። ያለፈው ሰኔ 30 ላይ 1,800,000 ብር ነበር፤ ዘንድሮ 3,100,000 ሆኗል። ጭማሪው 1,300,000 ነው። ይህ ሁሉ በሽያጭ ተመዝግቦ፣ ትርፉ ተሰልቶ፣ ግብሩም ታስቦበት ገና ያልገባ ብር ነው። ቀንሱት።

ድሬዳዋ ላይ ዱቤን መከልከል ቀላል አይደለም። ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ከደረሰባት ጀምሮ የነጋዴ ከተማ ናት፤ ንግዱም በእምነት ነው የሚዞረው። ሱቁ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ» የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ ከወረቀቱ ሥር ቁጭ ብሎ ዱቤ የሚጽፍ ባለሱቅ አውቃለሁ። የሐረሩ ደንበኛ ደውሎ «ሃያ ካርቶን ላክልኝ፣ አሁን ትራንስፈር አደርጋለሁ» ይላል። ካርቶኑ ማታውኑ ይደርሳል። ትራንስፈሩ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዱቤ አትስጡ አልልም። መጠኑን እወቁት ነው የምለው።

ቼክ ላይም ተጠንቀቁ። ቀኑ ያልደረሰ ቼክ ካዝና ውስጥ ስላለ ካሽ አይደለም። ሂሳባችሁ ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ድረስ ዱቤ ነው። ደረቅ ቼክ ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ ዱቤም ክርክርም ነው።

ወደ ስቶክ እንሂድ። ከ2,200,000 ወደ 3,000,000 አድጓል። 800,000 ቀንሱ። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል፣ ግን መጠየቅ አለበት። በእኛ አካባቢ ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ተጓዡ በድሬዳዋ በኩል ይጎርፋል። አከፋፋይ ሁሉ ሰኔ መጨረሻ ላይ መጋዘኑን ይሞላል። በዚያው ዕለት የሒሳብ ዓመቱ ይዘጋል። ስለዚህ የሰኔ 30 ስቶክ ሁልጊዜ ትንሽ ያበጠ ነው። ያለፈው ሰኔ 30ም እንደዚሁ ያበጠ ስለነበር ማነጻጸሩ አይበላሽም። ሰኔን ከኅዳር ጋር ካነጻጸራችሁ ግን ትሳሳታላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ጨምሯል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው የካርቶን ቁጥር አንድም ሳይጨምር የያዘው ብር ሊጨምር ይችላል። የስቶክ ዝርዝሩን በብር ብቻ ሳይሆን በካርቶንም እዩት። በካርቶን ካልጨመረ ጥፋቱ የመጋዘን ሠራተኛው አይደለም፤ ዋጋው ነው። የሚያስፈልገው መድኃኒትም ይለያያል።

ኪራይ ቶሎ እንለፈው። አከራዩ የስድስት ወር በአንዴ ካልተከፈለኝ አለ። በወር 30,000 ሂሳብ 180,000 ብር ቀድሞ ወጣ። ወጪ ሆኖ የሚመዘገበው በሚመጣው ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ዘንድሮ ሄዷል። 180,000 ቀንሱ።

የአቅራቢ ዕዳ ከ1,500,000 ወደ 1,900,000 አድጓል። ፋብሪካውና አስመጪው 400,000 ብር ተጨማሪ ታገሡን ማለት ነው። ደምሩት። ይህን መደመር ስትወዱት ግን እያያችሁ። ዕዳ ማቆየት ለጊዜው ካሽ ይመስላል። አቅራቢው «ከእንግዲህ በሲፒኦ ብቻ» (ባንክ ገንዘቡን ቀድሞ ይዞ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ያለ ቀን ሁሉም በአንዴ ይገለበጣል።

ግብሩ ቀርቷል። ያለፈው ሰኔ 30 ላይ ያልተከፈለ የትርፍ ግብር 300,000 ነበር። ዓመቱ ውስጥ ተከፈለ። የዘንድሮው 420,000 ገና ነው። ልዩነቱን 120,000 ደምሩ። ለመንግሥት ያልገባ ቫት ከ60,000 ወደ 90,000 ስላደገ 30,000 ደምሩ። ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት የምትሸጡለት ካለ፣ ከክፍያችሁ ላይ የያዘው ተቀናሽ ግብር ቀድሞ የተከፈለ ግብር እንጂ የጠፋ ሽያጭ አይደለም። ደረሰኙን አስቀምጡ።

ድምሩ

የተጣራ ትርፍ፦ 980,000
እርጅና ቅናሽ፦ ሲደመር 400,000
የፒክአፑ ትርፍ፦ ሲቀነስ 100,000
የዱቤ ጭማሪ፦ ሲቀነስ 1,300,000
የስቶክ ጭማሪ፦ ሲቀነስ 800,000
ቅድሚያ ኪራይ፦ ሲቀነስ 180,000
የአቅራቢ ዕዳ ጭማሪ፦ ሲደመር 400,000
የግብር ዕዳ ጭማሪ፦ ሲደመር 120,000
የቫት ዕዳ ጭማሪ፦ ሲደመር 30,000
የሥራ ካሽ፦ 450,000 ከዜሮ በታች

ድርጅቱ 980,000 አትርፎ ከሥራው ላይ 450,000 ብር ጎደለበት። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው።

በሌላ መንገድ ደግሞ ማረጋገጥ

እኔ ይህን ሳላደርግ ወረቀቱን ለማንም አልሰጥም። ከትርፍ ሳትጀምሩ፣ የገባውንና የወጣውን ብር በቀጥታ ቁጠሩ።

ከደንበኛ የተሰበሰበው፦ ከ24,000,000 ሽያጭ ላይ የዱቤው ጭማሪ 1,300,000 ሲነሳ 22,700,000። ለአቅራቢ የተከፈለው፦ የተሸጠው ዕቃ 20,400,000 ሲደመር የስቶክ ጭማሪ 800,000፣ ሲቀነስ ያልተከፈለው 400,000፤ 20,800,000 ይመጣል። ለደሞዝ፣ ለኪራይና ለሌላው፦ 1,600,000 ሲደመር ቅድሚያ ኪራይ 180,000፤ 1,780,000። ወለድ 300,000። ዓመቱ ውስጥ የተከፈለ የትርፍ ግብር 300,000። ተሰብስቦ ገና ያልተከፈለ ቫት 30,000 ይደመራል።

22,700,000 ሲደመር 30,000፣ ሲቀነስ 20,800,000፣ ሲቀነስ 1,780,000፣ ሲቀነስ 300,000፣ ሲቀነስ 300,000። ውጤቱ ያው 450,000 ከዜሮ በታች። ካልገጠመላችሁ መጀመሪያ ምልክቶቹን ፈትሹ። አሥር ጊዜ ቢያጋጥመኝ ዘጠኙ መደመር ያለበትን ቀንሼ ነው።

ታዲያ ባንክ ያለው 160,000 ከየት መጣ?

ሁለቱን ሌሎች በሮች ክፈቱ። ያገለገለ ጭነት መኪና በ1,500,000 ተገዝቷል፤ ፒክአፑ በ600,000 ተሸጧል። በንብረት በር 900,000 ወጣ። ባንኩ 2,000,000 አበደረ፤ ከዋናው ብድር 400,000 ተመለሰ፤ ባለቤቱ 350,000 ለቤቱ ወሰደ። በብድር በር 1,250,000 ገባ። ዓመቱ ሲጀመር 260,000 ነበር። ከዚያ ላይ 450,000 እና 900,000 ወጥቶ 1,250,000 ሲገባ 160,000 ቀረ። ገጠመ።

አሁን ታሪኩ ግልጽ ነው። ነጋዴው ብድሩን የወሰደው ለመኪና መግዣ ብሎ ነው። ከብድሩ ከፊሉ ግን የሐረርና የጅጅጋ ደንበኞችን ዱቤ ሲሸፍን ነው የኖረው። በወለድ ተበድሮ ያለ ወለድ ማበደር ማለት ነው። ጥቅምት 30 ድረስ ደግሞ 420,000 ግብር ይጠብቀዋል። እጁ ላይ ያለው 160,000 ነው። ትርፍና ኪሳራው ላይ ይህ ጭንቅ አይታይም።

ከዜሮ በታች ሁሉ በሽታ ነው ማለት ግን አይደለም። አዲስ ከተማ ጀምሮ ዕቃ የሞላ ድርጅት አንድ ዓመት ሊጎድልበት ይችላል። ካሹ ሞልቶ የሚታለልም አለ። ለአቅራቢ መክፈል ያቆመ፣ ስቶኩን ሳይተካ የሸጠ ነጋዴ የሥራ ካሹ ያማረ ይሆናል፣ ለአንድ ዓመት። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከየት መስመር እንደመጣ ተመልከቱ።

ብሩ ስንት ቀን ይቆያል?

ዱቤውን ለዓመቱ ሽያጭ አካፍሉና በ365 አባዙ። 3,100,000 ለ24,000,000 ሲካፈል 47 ቀን ገደማ ይመጣል። ስቶኩን ለተሸጠው ዕቃ ዋጋ አካፍሉና በ365 አባዙ፤ 54 ቀን። የአቅራቢውን ዕዳም እንዲሁ፤ 34 ቀን። 47 እና 54 ተደምሮ 34 ሲቀነስ 67 ይቀራል። አንድ ብር ከእጃችሁ ወጥቶ ተመልሶ እስኪገባ 67 ቀን በራሳችሁ ወይም በባንክ ገንዘብ ትቆያላችሁ። ዱቤው ውስጥ ቫት ስላለበት ቀኑ በትንሹ ተጋንኗል፤ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መንገድ ካሰላችሁት ግን ለማነጻጸር ይበቃል።

የምወደው ስሌት ይኼኛው ነው። የዓመቱ ሽያጭ ለ365 ሲካፈል የአንድ ቀን ሽያጭ 65,700 ብር ገደማ ነው። ዱቤውን በሰባት ቀን ብቻ አፍጥናችሁ ብትሰበስቡ 460,000 ብር ይገባል። የጎደለው 450,000 ነበር። ዋጋ ሳይጨመር፣ ሠራተኛ ሳይቀነስ፣ ሰባት ቀን ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ዕቁብ። የድርጅቱ ብር በየሳምንቱ ለዕቁብ ይወጣና «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብሎ ይመዘገባል። ዕጣው ሲወጣ ደግሞ «ገቢ»። ሁለቱም ስህተት ነው። ዕጣው ሳይደርሳችሁ የከፈላችሁት ሰው ዘንድ ያለ ቁጠባችሁ ነው፤ ከደረሳችሁ በኋላ የምትከፍሉት ደግሞ ዕዳችሁን ነው። ከሥራ በር አውጡት። የተጣለው በባለቤቱ ስም ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ያወጣው ገንዘብ ነው፣ ሦስተኛው በር ላይ ይቀመጥ። ዕቁብ የደረሰበትን ወር «ጥሩ ሥራ የሠራንበት» እያለ የሚያወራ ነጋዴ አጋጥሞኛል።

የብድር ክፍያ። ባንክ በየወሩ የሚቆርጠው አንድ ቁጥር ውስጥ ዋናውም ወለዱም አለ። ዋናው በምንም መልኩ የሥራ ወጪ አይደለም። ወለዱን እኛ በሥራ በር ውስጥ ትተነዋል፤ ደረጃ ቁጥር 7 ይህን ይፈቅዳል፣ በብድር በር ማስቀመጥንም እንዲሁ። ከጃንዋሪ 2027 በሥራ ላይ የሚውለው አዲሱ የሪፖርት ደረጃ ቁጥር 18 ግን ለአብዛኛው ድርጅት የተከፈለ ወለድን ወደ ብድር በር ያዛውረዋል። መነሻውንም ከተጣራ ትርፍ ወደ ሥራ ትርፍ ይቀይረዋል። ያኔ የዓመታት ንጽጽር ስትሠሩ የድሮውንም አስተካክሉ።

ቫት። በዱቤ ለሸጣችሁት ዕቃ ደረሰኝ እስከቆረጣችሁ ድረስ ደንበኛው ባይከፍልም 15 በመቶው የወሩ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ለግዢ የከፈላችሁት ይካካስላችኋል፤ ቀሪውን ግን ከኪሳችሁ ታስቀድማላችሁ። ዱቤ ሲረዝም ቫቱም አብሮ ያስከፍላል።

በወር አንዴ

ሙሉውን ስሌት በዓመት አንዴ፣ ቢቻል በየሩብ ዓመቱ ሥሩት። በየወሩ መጨረሻ ግን ሦስት ቁጥር ብቻ ጻፉ፦ ጠቅላላ ዱቤ፣ ጠቅላላ ስቶክ፣ ጠቅላላ የአቅራቢ ዕዳ። ካለፈው ወር ጋር አነጻጽሩ። ለዚህ ኤክሴል ጥሩ ነው፣ ደብተርም ይሆናል።

ዱቤውን ደግሞ በዕድሜ ክፈሉት፦ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ60 በላይ። ብዙ ሰው ስልክ መደወል የሚጀምረው በጣም ከቆየው ነው፣ ንዴቱ እዚያ ስላለ። እኔ በመካከለኛው እንዲጀመር ነው የምመክረው። ከ31 እስከ 60 ቀን ያለው ደንበኛ አሁንም ዕቃ ይፈልጋል፣ አሁንም ስልክ ያነሳል። «ያለፈው ከፍለህ አዲሱን ጫን» ማለት ይቻላል። ከ60 በላይ ለሆነው ስልክ አይበቃም፤ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ተነስቶ ሐረር ድረስ ሄዶ ሱቁ በር ላይ ሻይ መጠጣት ይጠይቃል።